ፒካፕን በልኩ ከፍ ማድረግ፦ ከመለካት እስከ መጨረሻው ዳዶ

ፒካፑን ትንሽ ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ምክንያትም አለው። ዳገት ሲጀምር የፊት ባምፐሩ መሬት አይነካም። ሆዱ ጉብታ ላይ አይቀመጥም። ከጉድጓድ ሲወጣ ኋላው አይፋቅም። ግን ሥራው በጥድፊያ ከተሠራ መሪው የሚዋልል፣ ፍሬኑ የደከመ፣ ሁሌ የሚንቋቋ መኪና ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

እዚህ የማወራው ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ከፍታ ነው። በተለምዶ «ሁለት ኢንች» የሚባለው ማለት ነው። አብዛኛው ፒካፕ ይህን ያህል ያለ ብዙ ጣጣ ይችላል። ከዚያ ሲያልፍ የፊት አክስሎቹ (የፊት ጎማዎችን የሚያዞሩት ዘንጎች) ማዕዘን ይከፋል፣ ቦል ጆይንቱ (እንደ ኳስ የሚዞረው የጎማው መገጣጠሚያ) ከልኩ በላይ ይዘማል፣ መኪናውም ጥምዝ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ አልመክርም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። የኋላው ዲፈረንሻል (አክስሉ መሃል ያለው የማርሽ ቤት) ከመሬት ያለው ርቀት በዚህ ሥራ አይጨምርም። አክስሉ የተያዘው በጎማዎቹ ስለሆነ እሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። እኛ የምናነሳው ሻንሲውን፣ ማለትም የመኪናውን የብረት አጽም፣ እና ከላዩ ያለውን ነው። የመጫን አቅሙም አይጨምርም። አንድ ቶን ጫን የተባለ መኪና ጠንካራ ባሌስትራ (ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራ ሞላ) ስለተገጠመለት አንድ ተኩል ቶን አይጭንም። በተረፈ ሕጉም ኢንሹራንሱም በየአገሩ ይለያያል። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ማንሳቱ ራሱ ቀላሉ ክፍል ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ነገሩ የተለካው በአንድ ከፍታ ነው። ጎሚኒዎቹ (መገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያሉት ላስቲኮች)፣ የፍሬን ቱቦዎቹ፣ የካርዳን ሻፍቱ (ኃይል ወደ ኋላ አክስሉ የሚወስደው ዘንግ) ማዕዘን፣ የመሪው ቅንብር፣ የፊት መብራቱ፣ አንዳንዱ መኪና ላይ የኋላ ፍሬኑ ኃይል ሳይቀር። ከፍታው ሲቀየር እነዚህ ሁሉ አብረው መስተካከል አለባቸው። ይህን የዘለለ ሰው መኪናውን አነሳ እንጂ ሥራውን አልጨረሰም።

ምን ልግዛ?

መጀመሪያ ከስር ግቡና መኪናችሁን እዩ። የአሁኖቹ አብዛኞቹ ፒካፖች ፊታቸው ሁለቱ ጎማዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት ነው። ሞላው ሾኩን ከቦ ተቀምጧል። ሁለቱ አንድ ላይ ስትራት ይባላሉ። ኋላው ደግሞ አንድ ወጥ አክስልና ባሌስትራ ነው። የቆዩት ላይ ፊት ሞላ ላይኖር ይችላል። በምትኩ በርዝመቱ የተዘረጋ፣ እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ቶርሽን ባር አለ። እሱ በማስተካከያ ቡሎን ይነሳል። ግን ቡሎኑን ብቻ ማጥበቅ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ርቀት ይበላል፣ መኪናውም ድርቅ ይላል። ስለዚህ እዚያ ላይ ስስት ጥሩ ነው። ከዚህ በታች ያለው ስትራት ላለው መኪና ነው።

ለፊቱ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ርካሹ ስትራቱ አናት ላይ የሚቀመጥ ስፔሰር፣ ማለትም ማራራቂያ ቁራጭ ነው። ስትራቱ የታችኛው ኮንትሮል አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) መሃል አካባቢ ስለሚታሰር፣ 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ጎማው ዘንድ ሲደርስ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህን ያልተረዳ ሰው 50 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ገዝቶ ይመጣና የፊት አክስሎቹን ይጎዳል። ሁለተኛው ምርጫ ለዚያ ከፍታ የተሠራ፣ ሞላውም ሾኩም አዲስ የሆነ፣ ተገጥሞ የሚሸጥ ሙሉ ስትራት ነው። ዋጋው ይከብዳል። ግን አቅም ካላችሁ ይሄን ግዙ። የመኪናው አረማመድ የተሻለ ይሆናል፤ ከሁሉም በላይ ሞላ መጭመቅ አያስፈልጋችሁም።

ሞላ የመጭመቁን ነገር ረጋ ብዬ ልናገር። የተጨመቀ የመኪና ሞላ ውስጥ ያለው ኃይል ሰው ይገድላል። የድሮውን ሾክ አውጥታችሁ አዲስ ሞላ መግጠም ካለባችሁ ስትራቱን ይዛችሁ ጋራዥ ሂዱ። ተገቢው መጭመቂያ ማሽን ያለው ባለሙያ ይሥራው። ስትራቱ አናት ላይ መሃል ያለችውን አንዷን ዳዶ ቤት ውስጥ በምንም ምክንያት እንዳትነኳት። ሞላውን ይዛው ያለችው እሷ ናት።

ለኋላውም ምርጫ አለ። ከአክስሉና ከባሌስትራው መሃል የሚገባ ብሎክ፣ አንድ ተጨማሪ የባሌስትራ ቅጠል፣ ወይም ሙሉ አዲስ ባሌስትራ። ብሎክ ለ50 ሚሊ ሜትር ይሠራል፤ ግን አንድ ወጥ የብረት ብሎክ ይሁን። ብሎክ ላይ ብሎክ መደረብ የለም። የእንጨት፣ የተበየደ፣ ጓዳ ውስጥ የተሠራ ነገር የለም። ብዙ ጊዜ ጭነት የምትጭኑ ከሆነ ባሌስትራውን መቀየር ይሻላል። አንዳንድ ሰው ሻክሉን (የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ብረት) ያስረዝማል፤ ከጨመረው ርዝመት መኪናው የሚያገኘው ግማሹን ገደማ ብቻ ነው፣ የአክስሉንም ማዕዘን ያዛባል። እኔ አልወደውም።

ከኪቱ (አብሮ ከሚሸጠው የዕቃ ስብስብ) ጋር አዲስ ዩ ቦልት (አክስሉንና ባሌስትራውን የሚያስረው የዩ ቅርጽ ያለው ቡሎን)፣ ረዘም ያለ የኋላ ሾክና አዲስ ዳዶዎች መኖራቸውን አረጋግጡ። ዩ ቦልት አንዴ ሲጠብቅ ይለጠጣል፤ ተመልሶ አይገጠምም። ላስቲክ ያላቸው ራስ ቆላፊ ዳዶዎችም እንደዚሁ።

ከመፍታት በፊት መለካት

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ጭነት አውርዱ። ከጎማው መሃል፣ ማለትም ከሀቡ መሃል፣ ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የአካሉ ቆርቆሮ) ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማ ለክታችሁ ጻፉ። ከመሬት አትለኩ። የጎማው ንፋስ ትንሽ ቢቀንስ ልኩ ይሳሳታል። ከሀቡ ከለካችሁ ግን ንፋሱ አያሳስትም። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ አሁን እወቁት። ያዘነበለ መኪና ላይ እኩል ስፔሰር ብታስገቡ ያዘነበለ ረጅም መኪና ነው የምታገኙት።

ኋላው ከፊቱ ከፍ ብሎ ብታዩት አይግረማችሁ። ጭነት ሲጫን እንዲስተካከል ታስቦ ነው። ዘወትር የምትጭኑ ከሆነ ያን ልዩነት አታጥፉት።

ያረጀ ነገር ካለም አሁን ይታይ። የተቀደደ የቦል ጆይንት ጎማ፣ የላላ የመሪ ጫፍ፣ የተሰነጠቀ ጎሚኒ፣ ግሪስ የሚተፋ የአክስል ቡት (የላስቲክ ሽፋን)። ከፍታው እነዚህን አያድናቸውም። ይጨርሳቸዋል እንጂ። ቀድማችሁ ቀይሩ። ከዋዜማው ደግሞ የሚፈቱትን ቡሎኖች በሙሉ በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ የዝገት ማላቀቂያ እርጩባቸው። በማግስቱ ትመርቁኛላችሁ።

ማንሳትና መደገፍ

ክሪክ ለማንሳት ነው እንጂ ለመደገፍ አይደለም። መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ከስሩ ሰው አይገባም፤ እጅም ቢሆን። የመኪናችሁን ክብደት የሚችሉ ጥንድ የብረት መደገፊያዎች ያስፈልጋሉ። ወለሉ ጠንካራና ለጥ ያለ ይሁን። አፈር ወይም የሞቀ አስፋልት ላይ መደገፊያ ይሰምጣል። ብሎኬት ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል፤ ከሥራው ቦታ አርቁት።

ፊቱን ስታነሱ የኋላ ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። የእጅ ፍሬን ሳቡ። ኋላውን ስታነሱ ደግሞ የፊት ጎማዎችን ታኮ አድርጉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የእጅ ፍሬን አብዛኛው መኪና ላይ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። እነሱ አየር ላይ ከሆኑ እሱ ምንም አያደርግላችሁም። መኪናውን የያዘው ታኮው ብቻ ነው።

ጎማው መሬት እያለ የቸርኬውን ዳዶዎች ትንሽ አላሉ። ከዚያ አንሱ፣ መደገፊያዎቹን ሻንሲው ስር ግራና ቀኝ አስገቡ፣ ክብደቱን ቀስ ብላችሁ አሳርፉ። መኪናውን በእጃችሁ ከጎን ወዘወዝ አድርጉት። ከተነቃነቀ እንደገና። የፈታችሁትን ጎማ ሻንሲው ስር አጋድሙት፤ ቢከፋ ነፍስ ያድናል።

ፊቱ

አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። ያልተነካው ጎን ግር ሲላችሁ ማያችሁ ነው። ከዚህ የሚለየው የማረጋጊያ ባሩ (ግራና ቀኙን ጎማ የሚያገናኘው ዘንግ) ማያያዣ ብቻ ነው። እሱን መጀመሪያ በሁለቱም ጎን ፍቱት። አንዱን ብቻ ከፈታችሁ ባሩ ተጠምዝዞ ይይዛችኋል፤ በድንገት ሲለቀቅም ይመታል።

ቀጥሎ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሽቦውንና የፍሬን ቱቦውን ከሚይዟቸው ቅንፎች አላቁ። ቱቦው ራሱ አይፈታም፣ ዘይቱም አይነካም። ነጻ እንዲሆን ነው።

ከዚያ የላይኛው ቦል ጆይንት። ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይዞር የሚይዘውን የሚታጠፍ ፒን) አውጡ። ዳዶውን ፍቱ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አታውጡት፤ ጥቂት ጥርስ ላይ ይቆይ። መፈልቀቂያ ካላችሁ ተጠቀሙ። ከሌላችሁ ቦል ጆይንቱ የገባበትን የብረት ዐይን ከጎኑ በመዶሻ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ቡሎኑን ራሱን አትምቱ፤ ጥርሱ ይበላሻል። ሲላቀቅ ቋ ይላል። ያስቀራችሁት ዳዶም ወርዶ እንዳይመታችሁ ይይዘዋል።

ሲላቀቅ ግን ጎማው የሚታሰርበት ክፍል ወደ ውጭ መውደቅ ይፈልጋል። አትፍቀዱለት። ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ላይ አክስሉ ከዲፈረንሻሉ በኩል ካለው ጆይንት ተመዝዞ ይወጣል። በገመድ ወይም በሽቦ ወደ ላይኛው ኮንትሮል አርም እሰሩት። ካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን የያዘውን ክፍል) መፍታት ካስፈለገም በገመድ ይንጠልጠል። በፍሬን ቱቦው መንጠልጠል የለበትም።

አሁን የታችኛውን ኮንትሮል አርም ከሻንሲው ጋር የሚይዙትን ቡሎኖች አላሉ። አታውጧቸው። ካምበር (የጎማውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል) የሚያስተካክሉ ክብ ምልክት ያላቸው ከሆኑ የነበሩበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ። ከዚያ የስትራቱን የታች ቡሎን አውጡ። በመጨረሻ አናቱ ላይ ያሉትን ሦስት ዳዶዎች ፍቱ። የመጨረሻዋን ስትፈቱ በአንድ እጃችሁ ስትራቱን ያዙ፤ ከባድ ነው።

አዲሱን፣ ወይም አናቱ ላይ ስፔሰር የተቀመጠበትን የድሮውን ስትራት፣ ስታስገቡ አናቱን ቀድማችሁ ሦስቱን ዳዶዎች በእጅ ብቻ ያዝ አድርጓቸው። የታችኛውን ኮንትሮል አርም በረጅም ዘንግ ወደ ታች ጫን ስታደርጉት የታቹ ቀዳዳ ይገናኛል። ካልተገናኘ በክሪክ ቀስ እያላችሁ አርሙን አንሱት። ቡሎን በመዶሻ እየደበደባችሁ አታስገቡ። ጣታችሁን ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ከትታችሁ አትለኩ።

የታቹ ቡሎን ከገባ በኋላ የአናቱን ሦስት ዳዶዎች አጥብቁ። ቦል ጆይንቱን መልሳችሁ በተባለው ልክ አጥብቁ። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ዳዶውን ወደ ፊት ትንሽ ጨምሩ። ወደ ኋላ መመለስ ክልክል ነው። አዲስ ኮፒሊያ አስገብታችሁ እጠፉት።

በሌላው ጎንም ይሄው ነው። ሁለቱም ሲያልቁ የማረጋጊያ ባሩን መልሱ። ከዚያ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙሩ። ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል? የኤቢኤስ ሽቦውስ? የላይኛው ኮንትሮል አርም ሞላውን ይነካል? አንዱ ከነካ እዚሁ ይፈታ። ለፍሬን ቱቦ ብዙ ጊዜ ቅንፉን ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ኋላው

ሻንሲውን ከባሌስትራው የፊት ማሰሪያ ቀደም ብሎ ደግፉ። ክሪኩን ዲፈረንሻሉ ስር አድርጉና የአክስሉን ክብደት ብቻ እንዲቀበል ያዙት። የሾኮቹን የታች ቡሎን አውጡ። የዲፈረንሻሉን የአየር መተንፈሻ ቱቦ፣ የእጅ ፍሬን ኬብሉንና የፍሬን ቱቦውን ሥራው ሁሉ እስኪያልቅ አትርሷቸው። አክስሉ ሲወርድ ቀድመው የሚወጠሩት እነሱ ናቸው።

ዩ ቦልቶቹን በአንዱ ጎን ብቻ ፍቱ። ሌላውን ጎን ትንሽ አላሉት እንጂ አታውጡት። ሁለቱም ከወጡ አክስሉ ክሪኩ ላይ ይዞራል፤ ያኔ ለብቻ መመለስ መከራ ነው። ክሪኩን በቀስታ አውርዱ። ክፍተቱ ሲበቃ ብሎኩ ይገባል። የባሌስትራው የመሃል ፒን በብሎኩ ቀዳዳ፣ የብሎኩ ፒን በአክስሉ ቀዳዳ ውስጥ ጥልቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። በዐይን ሳይሆን በጣት አረጋግጡ። ብሎኩ ዝንባሌ ካለው ቀጭኑ ጎን ወዴት እንደሚሆን የኪቱ መመሪያ ላይ አለ።

ቅጠል የምትጨምሩ ከሆነ የመሃሉን ፒን ከመፍታታችሁ በፊት ባሌስትራውን ከፒኑ ግራና ቀኝ በሁለት ጠንካራ ክላምፕ ያዙት። ቅጠሎቹ እርስ በርስ ተወጥረው ነው ያሉት፤ ፒኑ ሲወጣ ይዘላሉ።

አዲሶቹን ዩ ቦልቶች በመስቀል አጥብቁ። ትንሽ ትንሽ፣ ተራ በተራ። ከዳዶው በታች የሚተርፈው ጥርስ በአራቱም እግር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ዩ ቦልቶቹ የሚያልፉበት ሳህን ዘሟል ማለት ነው፤ አላልታችሁ እንደገና ጀምሩ። አዲሶቹን ሾኮች ግጠሙ፣ ወደ ሌላው ጎን እለፉ።

የፍሬኑ ዘንግ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከኋላ አክስሉ አጠገብ ቀና ብላችሁ እዩ። ብዙ ፒካፖች ላይ ሻንሲው ላይ የታሰረ ቫልቭ አለ። ከሱ አንድ ቀጭን ዘንግ ወርዶ አክስሉ ላይ ይያያዛል። ሥራው ጭነት መመዘን ነው። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ብዙ ኃይል ይለቃል። ባዶ ሲሆን ይቀንሳል፤ ባዶ መኪና ኋላው ቀድሞ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት።

እናንተ ኋላውን 50 ሚሊ ሜትር ስታነሱ ቫልቩ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ መኪናው ባዶ ነው። ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ቁልቁለት ስትወርዱም የሚለቀው የፍሬን ኃይል ከሚገባው ያነሰ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። የዘንጉ ማሰሪያ በተነሳው ልክ ከፍ ይደረጋል። ለዚህ የተሠራ ቅንፍ ይሸጣል። ዘንጉን በግምት ማጠፍ ግን መፍትሔ አይደለም። ከተቻለ ባለሙያ በግፊት መለኪያ ይፈትሸው። መኪናችሁ ይህን በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ከሆነ ዘንጉ አይኖርም፣ እለፉት።

ማጥበቁ መሬት ላይ ነው

አሁን ጎማዎቹን ግጠሙና መኪናውን መሬት አውርዱ። የቸርኬውን ዳዶዎች በመስቀል በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ) አጥብቁ። ከዚያ መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ንዱት፣ በየጥጉ ጫን ጫን አድርጉት። በራሱ ከፍታ ይቀመጥ።

የኮንትሮል አርም ቡሎኖች፣ ባሌስትራ ከቀየራችሁም ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት ቡሎኖች፣ የሚጠብቁት ገና አሁን ነው። ምክንያቱ ይሄ ነው። ጎሚኒው ከውስጥ ካለው የብረት ቱቦ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ባለበት ይቆለፋል። ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ካጠበቃችሁት መኪናው መሬት ሲወርድ ላስቲኩ እንደሚጨመቅ ፎጣ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆሞም፣ ሲሄድም። ያኔ መኪናው ይደርቃል፣ ይንቋቋል፣ ላስቲኩም ከጊዜው በፊት ይቀደዳል። ከስር ለመሥራት ቦታ ከጠበበ ጎማዎቹን ለመኪና በተሠራ መወጣጫ ላይ አውጡ። ክብደቱ ጎማው ላይ እስካለ ድረስ ልክ ነው።

ምን ያህል ይጥበቅ የሚለው በመኪናው ሰርቪስ ማኑዋልና በኪቱ መመሪያ ላይ በቡሎን በቡሎን ተጽፏል። ከሌላ መኪና ቁጥር አትዋሱ። ያጠበቃችሁትን እያንዳንዱን ዳዶ በቀለም ጭረት ምልክት አድርጉ። የቀረውንም፣ ኋላ ላይ የተንቀሳቀሰውንም በአንድ እይታ ታውቁታላችሁ።

አሁን ከሀቡ እስከ ፓራፋንጎው እንደገና ለኩ። ግራና ቀኙ ከበፊቱ በላይ ከተለያየ አንድ ቦታ በደንብ ያልተቀመጠ ነገር አለ።

መጀመሪያ ሲነዳ

ሞተር ሳታስነሱ ፍሬኑን ጥቂት ጊዜ ርገጡ። ፔዳሉ ጠንካራ መሆን አለበት። ከዚያ ሰው በሌለበት ሜዳ በዝግታ ንዱ። መሪውን እስከ ጥግ አዙሩ፣ ጎማው የሚፍቀው ነገር ካለ ስሙ። ቀስ ብላችሁ ፍሬን ያዙ፤ ወደ አንድ ጎን ይስባል? ሲነሳ ከወገቡ ስር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የካርዳን ሻፍቱ ማዕዘን ተበላሽቷል። ባለ ሁለት ክፍል ሻፍት ላይ የመሃሉ ድጋፍ በሮንዴላ ወይም በትንሽ ስፔሰር ዝቅ ሲል ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

ከዚህ ሜዳ በቀጥታ ወደ ዊል አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ)። ነገ አይባልም። ፊቱ ሲነሳ የጎማዎቹ አቅጣጫም ዝንባሌም ይቀየራል፤ ጎማ በጥቂት ሳምንት ይበላል። ባለሙያውን ካስተሩን (ጎማው በመሪ የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ያለውን ዝንባሌ) በተለይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ከፍ ሲደረግ ካስተር ይቀንሳል። ሲቀንስ መሪው ከጥምዝ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ በፍጥነት ላይም መኪናው ይቅበዘበዛል። በኮንትሮል አርሙ ማስተካከያ የማይደርስ ከሆነ ማዕዘኑ የታረመ የላይኛ ኮንትሮል አርም ያስፈልጋል።

አዲስ ሞዴል ከሆነ የመሪ ሴንሰሩ፣ እንዲሁም መስታወቱ ላይ ያለው ካሜራና ፊት ላይ ያለው ራዳር በኮምፒውተር እንደገና ይለኩ። የፊት መብራቱን ዝቅ አድርጉ። ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዐይኑ ሲታወር አደጋው የሁለታችሁም ነው።

የቸርኬ ዳዶዎችን ከመጀመሪያዎቹ 50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንደገና በቶርክ ሬንች ፈትሹ። ዩ ቦልቶቹን ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያም 1,000 ላይ። ባሌስትራው፣ ብሎኩና ሳህኑ ሲተዋወቁ ትንሽ ይቀመጣሉ፣ ዩ ቦልቱም በዚያው ይላላል። የላላ ዩ ቦልት የመሃሉን ፒን ይሰብራል፤ ፒኑ ሲሰበር አክስሉ ወደ ጎን ይሄዳል። በዚሁ ጊዜ የቀለም ጭረቶቹን፣ የአክስል ቡቶቹንና የፍሬን ቱቦዎቹን በመብራት ዞራችሁ እዩ። አዲስ የመፋቅ ምልክት ካለበት ቱቦ ጋር መንዳት አትቀጥሉ፤ ቦታውን አስተካክላችሁ ቱቦውን ቀይሩ።